ኤጂ 200ን ለቱርሚ መንገድ ማሰናዳት

ሞተሯ ያማሃ ኤጂ 200 ናት። ሥራውን ከጨረሰ አንድ ፕሮጀክት በጨረታ የገዛኋት ነች። ገጠር የሠራ ሰው ያውቃታል። የግብርና ባለሙያውም የጤና ሠራተኛውም የሚሄድባት፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያላት፣ ቁንጅና ያልጎበኛት ሞተር። "ኤጂ" የሚለው ስሟም ከግብርና የመጣ ነው። 196 ሲሲ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ሁለቱም ፍሬኖቿ ከበሮ፣ ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ የሚሽከረከር። ማቆሚያዋ እንኳ በግራም በቀኝም አለ።

ሐሳቤ በታኅሣሥ 2017 ከሐዋሳ ተነስቼ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ወደ ወይጦ ቆላ መውረድ ነው። ከዚያ በአርቦሬ አድርጌ ቱርሚ፣ ከቱርሚ ኦሞራቴ። ብቻዬን። ታኅሣሥን የመረጥኩት ደቡብ ኦሞ ዋናውን ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹን ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ስለሚያገኝ ነው። ቱርሚ አጠገብ እንዳለው እንደ ከስኬ ያለ የአሸዋ ወንዝ ሲደርቅ ያሻግራል፤ ላይኛው አገር ሲዘንብ ግን ይዞህ እንዳይሄድ ነው።

ማስታወሻውን ባብዛኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የጻፍኩት። ሌላው ቀን እንጀራ ፍለጋ ነው።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ

በባልዲና በብሩሽ አጠብኳት። ላቫጆ አልወሰድኳትም። የላቫጆ ግፊት ውሃውን ኩሽኔታ ውስጥ ይከተዋል፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ከወር በኋላ ዝገት ነው።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 31,406 ላይ ቆሟል። ካቦው ተበጥሷል። ከዚያ ወዲህ ስንት እንደሄደች እግዜር ይወቀው።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። በርጩማቸውን ይዘው መጡ፣ ቡናቸውን ያዙና ተቀመጡ። አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ፦ "ዛሬ ምንም እንዳትፈታ። እየዞርክ ጻፍ።" ለወጣት ሰው ከዚህ የከበደ ትእዛዝ የለም። መፍቻ ይዞ አለመፍታት!

እየዞርኩ ጻፍኩ። የኋላው መጫኛ ከአንድ ወገን ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። የፍሪሲዮን ካቦው ከመሪው ሥር ተጣምሞ ፀጉር ማውጣት ጀምሯል። የመብራቱ ሽቦ በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሏል። የሰልባትዮው (የቤንዚን ማጠራቀሚያው) ክዳን ላስቲክ ከከመነዳሪ ተቆርጦ የተሠራ ነው። የሞተሩን የጎን ክዳን ከያዙት ቡሎኖች ሁለቱ ከሌላ ሞተር የመጡ፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ የለም።

"ጋሼ፣ ይህን ማን ነው እንዲህ ያሰረው?"

"ባለፈው ያሰረው ነዋ" አሉኝ።

ማታ ዝርዝሩን ቆጠርኩት። 23 ነገር ወጣ። ከነዚያ ውስጥ በእርጅና የመጣው አራት ቢሆን ነው። የቀረው ሁሉ ሰው "ሠራሁት" ብሎ የሄደበት ነው። እኔ ጨረታ ላይ ስፈራ የነበረው ያረጀ ሞተር ገዛሁ ብዬ ነበር። የገዛሁት የተጠገነ ሞተር ኖሯል።

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

ዘይቱን ቀየርኩ። ሞቅ አድርጌ ነው የደፋሁት፣ ቆሻሻውን ይዞ እንዲወርድ። ጥቁር ነው፣ ግን በማግኔት ስፈትሸው የብረት ቅንጣት አላገኘሁበትም። ጥሩ ዜና።

ቀጥሎ የቫልቮላ ክፍተት ማስተካከል። ቫልቮላ አየርና ቤንዚን የሚያስገባ፣ ጭስ የሚያስወጣ የሞተር በር ነው። ይህን ሥራ ሁልጊዜ መካኒክ ጋ ነበር የምወስደው። ዛሬ ጋሼ "ቱርሚ ላይ እኔ አልኖርም" ብለው በእጄ አሠሩኝ። ሞተሩ አድሮ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። በግራ በኩል ያለውን ትንሽ መስኮት ከፍቼ፣ ሞተሩን በእጅ እያዞርኩ ምልክቱን ከምልክቱ ገጠምኩ። ምልክቱ ግን ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንዱ ሁለቱም ቫልቮላዎች የተዘጉበት ነው፣ ሌላው አይደለም። መጀመሪያ በተሳሳተው ዙር ላይ ነበርኩ። ጋሼ ቡናቸውን እየጠጡ ዝም ብለው አዩኝ። ደረቴን ነፍቼ "ጨረስኩ" ስል ነው "አንድ ጊዜ አዙር" ያሉኝ።

የማስገቢያው ደህና ነበር። የማስወጫው ግን ያለኝ ቀጭኑ መለኪያ እንኳ አልገባበትም። ዜሮ! እዚህ ጋር ትንሽ ልዘግይ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስለሆነ። የማስወጫ ቫልቮላ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ነው። ሙቀቱን የሚያራግፈው ሲዘጋ፣ መቀመጫውን ሲነካ ነው። ክፍተቱ ዜሮ ከሆነ ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ይረዝምና ቫልቮላው በደንብ አይዘጋም። አይዘጋም ማለት አይቀዘቅዝም ማለት ነው። ከዚያ ይቃጠላል። ከተማ ውስጥ ይህ ወራት ይፈጃል። በቆላ ሙቀት፣ ጭነት ተሸክማ፣ በሁለተኛ ማርሽ አሸዋ ስትገፋ ግን ቀናት ይበቁታል።

ማን አጠበቀው? ጋሼ ገመቱ። "ባለቤቱ ቲክ ቲክ ትላለች ብሎ ይሆናል። መካኒኩም ዝም አሰኛት።" የማስገቢያውን በ0.07፣ የማስወጫውን በ0.13 ሚሊ ሜትር አደረግናቸው። አሁን ቲክ ቲክ ትላለች። በእግሬ መትቼ ሳስነሳትም እግሬን ከድሮው የበለጠ ትገፋለች፤ የሞተሩ ግፊት ተመልሷል።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ከፈትኩ። ውስጡ ያለው ስፖንጅ የፍራሽ ነው። የምሬን ነው፤ የፍራሽ ስፖንጅ በመቀስ ተቆርጦ። ቢጫ። ጋሼ እስኪያነባቸው ሳቁ።

የፍራሽ ስፖንጅ አቧራ አይዝም። ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ዘይትና ቤንዚን ሲነካውም ይፈረፍራል፤ ፍርፋሪው ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀልበት ካርቡሬተር ይሄዳል። ትክክለኛውን አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፈልጎ ላከልኝ። ሁለት ገዛሁ። እንዲህ ያለው ፊልትሮ አቧራ የሚይዘው በዘይት ሲርስ ነው፣ ደረቁን ከሆነ ወንፊት ነው። ታጥቦ ይደርቃል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ተጨምቆ ትርፉ ይወጣል። አይጠመዘዝም፣ ይቀደዳል። ሁለተኛው ዘይት ጠጥቶ በፌስታል ውስጥ ከዕቃዬ ጋር ይሄዳል። አርቦሬ አካባቢ ያለው አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በየማታው የምቀይረው ይመስለኛል። ሳጥኑና ክዳኑ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይም ግሪስ ቀባሁ። አቧራ በር ካገኘ ፊልትሮ አይለምንም።

ካርቡሬተሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቤንዚኑን የምትመጥነው ትንሽ የነሐስ ጄት አለች። የተጻፈባት ቁጥር ከመመሪያው ጋር ይገጥማል። ቀዳዳዋን ወደ ብርሃን ይዤ ሳይ ግን ክብ አይደለችም። ሲዘጋባቸው በሽቦ ጠርገዋታል። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ሽቦ ይበላዋል። ስለዚህ ቁጥሯ ሌላ ልኳ ሌላ። ካንዴላው (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ለምን ጥቁር ጥላሸት እንደለበሰ ገባኝ፤ ቤንዚን ከልክ በላይ እየጠጣች ነበር።

በአዲስ ቀየርኳት። ከዚያ ግን ጥያቄ መጣ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ኦሞራቴ 400 ሜትር አካባቢ። እየወረድኩ ስሄድ አየሩ ይወፍራል፤ ያው ቤንዚን ከበዛ አየር ጋር ይገናኛል፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል። እዚህ ለሐዋሳ አየር አሳስቼ ብለካት ታች ታስቀጣኛለች። ስለዚህ የመመሪያውን ቁጥር ይዤ እሄዳለሁ። እዚህ ትንሽ ብትጠግብ ምንም አይደለም። ወይጦ ስደርስ ካንዴላውን አውጥቼ ቀለሙን አያለሁ። የቡና ቀለም ከሆነ ደህና፣ ከነጣ ግን ችግር አለ ማለት ነው።

ሽቦ ግን በቤቴ ውስጥ ካርቡሬተር አይነካም። ቤንዚን፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጎማ መንፊያ። በቃ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ካቴና። አንዳንድ ልጆች የካቴናውን ሽፋን አውልቀው ይጥሉታል፣ ሞተሯን "ስፖርት" ለማስመሰል። እኔ ሽፋኑን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዘው። ከአሸዋ የሚያድናት እሱ ነው። ችግሩ ማንም ከፍቶ አያየውም። ስከፍተው ጭቃና ግሪስ አንድ ላይ ደርቆ ጡብ ሆኗል። በካቻቪቴ ነው የፈነቀልኩት።

የካቴናው መጋጠሚያ ቁልፍም ተገልብጦ ገብቷል። ቁልፉ እንደ ዓሣ ቅርጽ አለው፣ የተዘጋው ጭንቅላቱ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ከተገለበጠ ድንጋይ ወይም ሽፋኑ ሲነካው ክፍቱ ወገን ተይዞ ይወልቃል። ካቴናውንና ሁለቱንም ፒኞን (ካቴናው የሚዞርባቸውን ጥርሳም ክብ ብረቶች) አንድ ላይ ቀየርኩ። አዲስ ካቴና ባረጀ ፒኞን ላይ ማድረግ ብር መወርወር ነው። ሁለት ትርፍ መጋጠሚያ ገዛሁ፣ በፕላስተር ጠቅልዬ ከመሪው ጋር አጣበቅኳቸው። ከዕቃ ውስጥ ስፈልግ ማምሸት አልፈልግም።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

የዛሬው ብዙ ነው። ጎማ።

ፊት 21 ኢንች፣ ኋላ 18። ሁለቱም በከመነዳሪ ነው የሚሠሩት። የኮንሶን ቁልቁለት ስትጨርስ ግራር ይጀምራል። የግራር እሾህ ምን እንደሚያደርግ ለአበሻ አልተርክም። ጎሚስታ ደግሞ በየግራሩ ሥር የለም። ስለዚህ ዛሬ ጎሚስታው እኔ ነኝ። ደንብ አወጣሁ፦ ከዕቃዬ ጋር የሚሄደውን መሣሪያ ብቻ መጠቀም። ሦስት የጎማ ማውጫ ብረት፣ የእጅ መንፊያ፣ ማስቲሽና ልጣፊ፣ አንድ መፍቻ።

የፊቱን አውጥቼ፣ ጎማውን ፈትቼ፣ መልሼ ለመግጠም 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ነፋሁት። ሹሹሹ። አዲሱን ከመነዳሪ በራሴ ብረት ቆንጥጬ ቀድጄዋለሁ። የሰፈር ልጆች ከበውኝ ነበር፣ ሳቁን ተዉት።

በሁለተኛው ሙከራም አቃተኝና እጄን ታጥቤ ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ሄድኩ። ለመስተንግዶ ሁለት ማኪያቶ አዘዝኩለት። ያሳየኝ ነገር በብር አይገኝም። ከመነዳሪውን መጀመሪያ ትንሽ ንፋው፣ ቅርጹን እንዲይዝና በብረቱ ሥር እንዳይተኛ። ውስጡን ፓውደር አልብሰው። ዋናው ግን፦ ጎማውን ለመግጠም ስትታገል ከፊትህ ያለውን ወገን አትይ፣ ማዶ ያለውን እይ። ማዶው የቸርኬው መሃል ጉድጓድ ውስጥ ካልወረደ ከፊትህ ባለው ወገን ምንም ብትታገል አይገባም። በጉልበትህ ማዶውን ተጫነው። ይኸው ነው።

ሌላም ነገረኝ። እሾህ የወጋውን ቀዳዳ ለጥፎ መግጠም ብቻ አይበቃም። እሾሁ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ አዲሱን ልጣፊ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይወጋዋል። ውስጡን መዳበስ አለብህ፣ በባዶ ጣት ሳይሆን በጨርቅ። ጨርቁ እሾሁ ላይ ይያዛል።

በሦስተኛው ሙከራ 38 ደቂቃ። በቂ ነው።

የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ አላጠብቅም፤ ወደ ላይ አውጥቼ ከክዳኑ ሥር አቆመዋለሁ። አሸዋ ላይ አየር ስቀንስ ጎማው በቸርኬው ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ዳዶው ከጠበቀ ቫልቩ ይቆረጣል። ከላላ ግን ቫልቩ ዘመም ይልና ያስጠነቅቀኛል። አየሩ በአስፋልት 28፣ በአሸዋ 18 ፒኤስአይ ገደማ። ትርፍ ከመነዳሪ የምይዘው አንድ የፊት ብቻ ነው። የ21ዱ ከጨነቀ ተጠጋግቶ የ18 ጎማ ውስጥ ይገባል፣ የ18ቱ ግን የፊቱ ውስጥ አይሆንም።

የቸርኬውን ሽቦዎች በካቻቪቴ ጫፍ እየመታሁ አዳመጥኩ። ክራር እንደመቃኘት ነው። የደነቆረ ድምፅ የሰጡኝ አራቱ ላልተው ነበር።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ቤንዚን ሒሳብ ነው። ኮንሶ ላይ ቤንዚን ልታገኝ ትችላለህ። ጂንካም እንዲሁ፣ ግን መንገዴ አይደለም። ስለዚህ ከኮንሶ ኦሞራቴ ደርሼ ኮንሶ እስክመለስ ጠብታ አላገኝም ብዬ አሰብኩ። ደርሶ መልስ ወደ 500 ኪሎ ሜትር አድርጌ ያዝኩት።

ሰልባትዮው እስከ አፉ ሲሞላ 12 ሊትር ገደማ ይይዛል። በሊትር መለኪያ ሞልቼ ነው ያየሁት። ባዶዋን በአስፋልት በ100 ኪሎ ሜትር 3.2 ሊትር ጠጣች። ሙሉ ጭነት ጭኜ በጠጠር መንገድ 3.9። አሸዋ ላይ ከዚህ ይብሳል። 500 ኪሎ ሜትር፣ ለየመቶው 3.9 ሲታሰብ 19 ሊትር ተኩል ነው። 10 ሊትር ጀሪካን ልጨምር፣ 22 ይሆናል። ሁለት ሊትር ተኩል ትርፍ አለኝ። ጠባብ ነው፣ ግን ከዚህ በላይ ቤንዚን መጫን ራሱ ቤንዚን ይበላል።

ከመንገድ ዳር በጀሪካን ወይም በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን መግዛት ግድ ከሆነስ? ጋሼ ያስተማሩኝ ሁለት ፈተና አለ። ጥርት ባለ ጠርሙስ ቀድተህ አሥር ደቂቃ አስቀምጠው፤ ውሃ ካለበት ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ድንበሩ በዓይን ይታያል። ከዚያ ጠብታ ወረቀት ላይ ጣል። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይተንና ወረቀቱን ንጹሕ ይተወዋል። ላምባ የገባበት ቅባት ይጥላል።

በነገራችን ላይ፣ ከ2015 ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ነው። ቤንዚን ባለበት ማደያ ኔትወርክ ከሌለ፣ ኔትወርክ ባለበት ቤንዚን ከሌለ፣ የት ይኬዳል? ሁለት ስልክ ይዤ እሄዳለሁ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

አጭር ቀን። በላስቲክ ከረጢት የተጠቀለለውን ሽቦ አውጥቼ በአዲስ ቀየርኩ። መሪው ሲዞር የሚታሸው ቦታ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጬ እጀ ጠባብ አለበስኩት። ባትሪ አዲስ። ባትሪው ቢሞትብኝ በእግር መምታቱ አለ።

አዲስ የፍሪሲዮን ካቦ ገጠምኩ። ሌላ አንድ ትርፍ ደግሞ ከጎኑ፣ በዚያው መንገድ ዘርግቼ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩት። አንዱ ቢበጠስ ጫፍና ጫፉን ማቀያየር ብቻ ነው። የቆጣሪውም ካቦ ገባ፣ 31,406 ከዓመታት እንቅልፉ ነቃ።

ያጠበቅኩት ቡሎን ሁሉ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አሰመርኩ። ከቡሎኑ ራስ ጀምሮ እስከ ተቀመጠበት ብረት። ቡሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፣ ጠዋት ጠዋት መፍቻ ሳልይዝ በዓይኔ እቃኛለሁ። ቀለሙ የእህቴ ነው። እስካሁን አላወቀችም።

ኅዳር 21 እና 22

የሙከራ ጉዞ። ጀሪካኑን፣ ስድስት ሊትር የመጠጥ ውሃ፣ መሣሪያውን፣ ድንኳኑን ሁሉ ጭኜ በይርጋለምና በአለታ ወንዶ ወደ ዳዬ። ቆላ አይደለም፣ አቀበቱና ጭቃው ግን ይፈትናል።

ከይርጋለም ትንሽ እንዳለፍኩ መንፏቀቅ ጀመረች። ከዚያ ጠፋች። ቤንዚን አለ። ካንዴላ አውጥቼ አየሁ፣ እሳት ይሰጣል። የካርቡሬተሩን ጎድጓዳ ከፈትኩ፣ ባዶ ነው። አሃ፣ ቤንዚን አይወርድም። ቱቦውን ነቀልኩ፣ ጠብ ጠብ እያለ ቆመ። ተዘግቷል ብዬ ሰልባትዮው ውስጥ ለማየት ክዳኑን ስከፍት ፍስስ አለ፣ አየር ሳበ። ቱቦው ወዲያው መፍሰስ ጀመረ።

ያ ከከመነዳሪ የተቆረጠ የክዳን ላስቲክ! መስከረም 25 ከጻፍኳቸው 23 ነገሮች አንዱ ነበር። "ይህ ቆንጆ አድርጎ ይዘጋል" ብዬ ያለፍኩት። በጣም ቆንጆ አድርጎ ነው የሚዘጋው። ክዳኑ ትንሽ የአየር መግቢያ አለው፣ ላስቲኩ ሸፍኖታል። ቤንዚኑ ሲወርድ ቦታውን የሚተካ አየር አይገባም፣ ሰልባትዮው ውስጥ መሳብ ይፈጠራል፣ ቤንዚኑ ይቆማል። በከተማ ውስጥ አጭር አጭር ስሄድ አላስታወቀም። ላስቲኩን በምላጭ በሳሁት። ሄደች።

ዳዬ አደርኩ። በማግስቱ ስመለስ ከግራ በኩል፣ ከካቴናው ሽፋን ውስጥ፣ ጉርጉር የሚል ድምፅ ተከተለኝ። ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ይጮሃል። ጠጠር ገብቶ ይሆናል አልኩ። ሐዋሳ ስገባ ከኋላ ያለው ቀይ መስመር አንዱ ተሰብሯል፤ መጫኛውን የያዘው ቡሎን ነው። የጥፍር ቀለሙ ሠርቷል። ያ የተሰነጠቀ መጫኛም ጨርሶ ለቋል።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

መጫኛውን ብየዳ ቤት ወሰድኩት፣ ፈትቼ። ሞተሯ ላይ እንዳለ ልበይደው ያለኝ ነበር። አይሆንም አልኩ። የብየዳ ጅረት በሞተሯ ሽቦዎች መንገድ ካገኘ ሲዲአዩን (ለካንዴላው እሳት የሚልከውን የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ሊያቃጥለው ይችላል፤ ሲዲአይ ደግሞ በልጣፊና በማስቲሽ አይጠገንም። ከተሰነጠቀው ሥር ተጨማሪ ላሜራ አስገባን። ጀሪካኑ በግራ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ማዶ። መሣሪያው ከፊት ዝቅ ብሎ። ድንኳን ከኋላ፣ ቀላል ስለሆነ።

ከዚያ ጋሼ መጡና ስለ ጉርጉሩ ነገርኳቸው። "ጫናት" አሉ። ዕቃውን ሁሉ ጫንኩ። "ተቀመጥባት።" ተቀመጥኩ። በርጩማቸውን አስጠግተው የሽፋኑን መፈተሻ ቀዳዳ ክዳን ነቀሉ፣ ጣታቸውን አስገብተው ካቴናውን ለማንሳት ሞከሩ። ንቅንቅ አይልም። እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል።

የኋላው ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ የካቴናው ውጥረት ይቀያየራል። ጭነት ሲኖር ወደ ታች ስለምትቀመጥ ይወጠራል። በጥቅምት 16 ካቴናውን ያስተካከልኩት ግን ባዶዋን፣ ጎማዋ በአየር ላይ ተነስቶ ነበር። ዕቃ ሲጫንባት ካቴናው መላወሻ አጣ። ጉድጓድ በገባች ቁጥር የሚጎተተው የፊት ፒኞኑ የተቀመጠበት ኩሽኔታ ነው። እሱ ከተበላ ሞተሩ ሊከፈት ነው፣ ይህ ደግሞ የአርቦሬ ሥራ አይደለም።

ጋሼ ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "አንተ ልጅ፣ ይህን ማን ነው እንዲህ ያጠበቀው?" አሉኝ።

"ባለፈው ያሰረው ነዋ፣ ጋሼ።"

ሳቃቸውን ለመጨረስ ጊዜ ወሰደባቸው።

አላላነው፣ ጭነቱና እኔ ላይዋ እንዳለን ሁለት ጣት ያህል እንዲላወስ። የፊት ፒኞኑን ይዘው ወደ ላይ ወደ ታች ወዘወዙት፣ አይንቀሳቀስም። ቶሎ ደርሰንበታል። ዝርዝሬ ላይ 24ኛ አድርጌ ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ዘይት ታየ። ካንዴላ፦ አንድ በሥራ ላይ፣ ሁለት ትርፍ። የአየር ፊልትሮ፣ የፊት ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ልጣፊ፣ ሽቦ (ለማሰሪያ ብቻ!)፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ የፍሬን እጀታ፣ ፊውዝ። መፍቻዎቼን ከሞተሯ ቡሎኖች ጋር አንድ በአንድ ገጠምኩ፤ የማይገጥሙ ሦስት ነበሩ፣ ቤት ቀሩ። ከሌላ ሞተር የመጡትን ሁለት ቡሎኖችም ያኔውኑ ቀይሬያቸዋለሁ፣ ለነሱ ብዬ ሌላ መፍቻ አልሸከምም።

ጋሼ ማታ መጥተው ዞረው አዩዋት። ምንም አልነኩም። የሰልባትዮውን ክዳን ከፈቱ፣ በላስቲኩ ላይ የበሳሁትን ቀዳዳ አዩ፣ ዘጉ።

ቆጣሪው 31,893 ይላል። ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ።